ስለ ሠራተኛው ዋጋና ስለ መንግሥታት የንግድ ውል

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር የገበያና የመንግሥታት ጉዳይ ስለሚመስል፥ አንዳንድ አንባብያን «ይህ የነጋዴዎችና የሹማምንት ነው እንጂ የመንፈሳዊ መጽሔት ነገር አይደለም» ይሉን ይሆናል። ነገር ግን በውስጡ የሠራተኛ ላብ፥ የደመወዝ ዕዳ፥ የወንዝ ውሃና የዱር ዛፍ ስላለበት፥ ስለ እነዚህም ሁሉ ከኦሪት ጀምሮ የተሰጠ ትእዛዝ ስላለ፥ ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም። ጥያቄው ይህ ነው። ባለጠጋ አገር ከድሀ አገር ጋር ሲነግድ «ሠራተኛህን ባትበድል፥ ምድርህንም ባታራቁት ዕቃህን እቀበላለሁ፤ ብትበድል ግን በሬን እዘጋብሃለሁ» ይላል። ትእዛዙ ትክክል ሆኖ ሳለ አዛዡ ራሱ ንጹሕ ካልሆነ፥ ቅጣቱም የሚወድቀው በበዳዩ ላይ ሳይሆን በተበዳዩ ላይ ከሆነ፥ እንዲህ ያለውን ሕግ እንዴት አድርገን ልንቀበለው ይገባል?

ጥያቄውን ያነሣነው እኛ አይደለንም። በ2014 ዓ.ም. በጾመ ነቢያት፥ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ሸዋ በደረሰበት፥ ደብረ ብርሃንም በተፈናቃዮች በተጨናነቀችበት ወራት፥ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ፀሐይ እየሞቅን ሳለን አንዲት ወጣት መጥታ መስቀል ተሳለመች። ከመንዝ የመጣች፥ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ፥ ከሦስት ባልንጀሮቿ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል የምትኖር ልጅ ነበረች። «አባ፥ አሜሪካ ልብሳችንን እንደ ድሮው አልቀበልም ብሏል አሉን፤ ሥራውም ሊቆም ይችላል ይላሉ። በጦርነቱ ምክንያት ነው አሉ። ጦርነቱን እኛ አላነሣነው፤ ወንድሜም ከሄደ ወዲህ ወሬው የለም። እኛ ምን በድለን ነው የምንቀጣው?» አለችን። እኛም «እግዚአብሔር ያውቃል፥ ልጄ» ብለን አሰናበትናት። ቃሉ እውነት ነው፤ መልስ ግን አልነበረም። ጠያቂው ምክንያት ሲሻ የእግዚአብሔርን ስም ጠርቶ ማምለጥ እኛ ካህናት ዘወትር የምንወድቅበት ስንፍና ነው። እነሆ፥ ዘግይተንም ቢሆን ነገሩን መርምረን ልንመልስላት ወደድን።

በቅድሚያ የነገሩን አካሄድ እንግለጽ። የአሜሪካ መንግሥት በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው፥ በአጭር ስሙ አጎዋ በተባለው ሕግ፥ ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች ብዙ ዓይነት ዕቃቸውን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲያስገቡ ፈቀደ። ይህ ሁለት ወገኖች ተከራክረው የፈረሙት ውል ሳይሆን፥ ሰጪው በፈለገ ጊዜ መልሶ የሚወስደው ችሮታ ነው። መመዘኛዎችም አሉበት፤ ከእነዚህም መካከል ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት መብታቸው እንዲጠበቅ፥ የግዳጅ ሥራ እንዲከለከል፥ ሕፃናት ለሥራ የሚደርሱበት ዕድሜ እንዲወሰን፥ የደመወዙ፥ የሥራው ሰዓትና የሠራተኛው ደኅንነትም ተቀባይነት ያለው እንዲሆን የሚሉ ይገኛሉ። ተጠቃሚው አገር በሰብአዊ መብት ላይ ከባድ ጥሰት የሚፈጽም እንዳይሆንም ይጠይቃል። ኢትዮጵያ ከዚያው ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምራ ተጠቃሚ ነበረች፤ በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክና ከእርሱ አስቀድሞ የተሠራው የሐዋሳውም ልብስ ሰፍተው ወደ ውጭ እንዲልኩ የታሰቡት አንዱ በዚህ ተስፋ ነበር። ከዚያ በኋላ በጦርነቱ ውስጥ ተፈጽሟል በተባለው የመብት ጥሰት ምክንያት፥ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ፥ የልደት በዓል ስድስት ቀን ሲቀረው፥ ዕድሉ ተነሣ።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ግን ከዋሽንግተን ሳይሆን ከዚሁ ከሸዋ ምድር ልንጀምር ይገባናል። ስለ ሠራተኛ የሚናገር ሕግ ወደዚህ አገር ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለምና። ደብረ ብርሃንን የቈረቈሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1450 እ.ኤ.አ. በተጉለት ምድር በደብረ ምጥማቅ ባደረጉት ጉባኤ የሁለቱ ሰንበታት ክብር ጸና። ይህን ጉባኤ ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው ስለ ሥርዓተ አምልኮ ነው፤ ነገር ግን የሰንበት ሕግ ጌታውን ብቻ ሳይሆን ሎሌውንና ገረዱን፥ በሬውንና አህያውን፥ በደጅ ያለውንም መጻተኛ የሚያሳርፍ ሕግ መሆኑን አንርሳ። በዛሬው ቋንቋ ብንናገር የሥራ ሰዓትን የሚወስን ሕግ ነው። የቀን ሠራተኛ ዋጋው ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲሰጠው፥ በጌታው ቤት እንዳያድርም ኦሪት አዝዛለች። ሐዋርያው ያዕቆብም የተከለከለው የአጫጆች ደመወዝ ራሱ ወደ ሰማይ እንደሚጮኽ ጽፏል። እንግዲህ ሕጉ አልጠፋብንም ነበር።

ሕጉን ይዘን ምን አደረግን የሚለውን ደግሞ ያለ ማድበስበስ እንመልከት። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበርና በአንጎለላ ሆነው ሸዋን ሲገዙ ከእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር በኅዳር 1834 ዓ.ም. (በ1841 እ.ኤ.አ.) የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ፤ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶም ከፈረንሳዊው ከሮሼ ዴሪኩር ጋር ሌላ ውል ተደረገ። የእነዚህ ውሎች ዋና ነገር የነጋዴው ደኅንነት፥ የዕቃውና የቀረጡ ነገር ነበር። በዚያው ዘመን ከአንኮበር አፋፍ በታች በአልዩ አምባ ገበያ አሞሌው ጨው፥ ቡናውና ጨርቁ ሲገበያይ፥ እዚያው አጠገብ በአብዱል ረሱል ሰው ይሸጥ ነበር። ውሉ ከመፈረሙ በፊት ይሸጥ ነበር፤ ከተፈረመም በኋላ ይሸጥ ነበር። ከአፋፉ በላይ የአንኮበር አብያተ ክርስቲያናት ይቀደስባቸዋል፤ ሰንበትም ይከበራል። ሰው ሁሉ በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን የሚገልጸው ፍትሐ ነገሥት ራሱ፥ በጦር የተማረከ ባሪያ እንዲሆን በር ከፍቶ ነበርና፥ ኅሊና የሚያርፍበት ትራስ አላጣም። ባሪያውን በሰንበት አሳርፎ ሰኞ መሸጥ ይቻል ነበር ማለት ነው። ይህን የምንለው አባቶችን ለመውቀስ አይደለም፤ ሕግ በመጽሐፍ ተጽፎ በገበያ ካልተነበበ ምን ያህል ዘመን ተኝቶ ሊቆይ እንደሚችል ለማስታወስ ነው።

የተኛው ሕግ የተቀሰቀሰውም በእንግዳ ድምፅ ነው። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ለመሆን ስትጠይቅ ከተከራከሩባት ነገሮች ዋናው የባርያ ንግድ ነበር፤ ባርነትን ለማስወገድ ግዴታ ገብታ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ተቀበሏት። ቀኑ የመስቀል በዓል ነበር። በዚያው ዓመት የባሮችን ነጻ መውጣት የሚደነግግ ዐዋጅ ወጣ፤ ባርነትም ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ነው። እንግዲህ በእኛ አገር ታሪክ ውስጥ «የሠራተኛውን ነጻነት ካላከበርህ ከመንግሥታት ጉባኤ አትገባም» የሚለው ቅድመ ሁኔታ የዛሬ ነገር አይደለም፤ መቶ ዓመት አልፎታል። ይህን ቅድመ ሁኔታ ያቀረቡት መንግሥታት እነማን ነበሩ ቢባል፥ ከመካከላቸው በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቻቸው ሰውን በግዳጅ መንገድ የሚያስቈፍሩና ሸክም የሚያሸክሙ ነበሩባቸው። ይህም ሆኖ የተናገሩት ነገር እውነት ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው ደግሞ የባሰ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. ፋሺስት ኢጣልያ ጦሯን ከማዝመቷ በፊት ለመንግሥታት ማኅበር ባቀረበችው ክስ፥ ኢትዮጵያ ስለ ባርነት የገባችውን ቃል አላከበረችም ብላ ወነጀለች። ባሪያ ነጻ አወጣለሁ ብሎ የመጣው ሠራዊት የመርዝ ጋዝ አፈሰሰ፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ፈጀ፤ ከዲያቆናቱም ብዙዎቹ ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው በአካባቢው ተረሸኑ። እንግዲህ በዚህ አገር የሚኖር ሰው የባዕድ መንግሥት ስለ ሰብአዊ መብት ሲናገር ቢሰማና ቢጠራጠር፥ ጥርጣሬው ከድንቁርና የመጣ አይደለም። ከውጫሌ ውል ጀምሮ የተማረው ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ሁለት ስሕተት ሊወለድ ይችላል። አንዱ «ኢጣልያ ስለ ባርነት የተናገረችው ለማታለል ስለ ሆነ ባርነት ራሱ ወሬ ነበር» ማለት ነው። ሁለተኛው «ባርነት እውነት ስለ ነበረ ኢጣልያ ልክ ነበረች» ማለት ነው። ሁለቱም ሐሰት ናቸው። ጌታችን በሙሴ ወንበር ስለ ተቀመጡት ጻፎችና ፈሪሳውያን ባስተማረ ጊዜ ትምህርታቸው እንዲጠበቅ፥ ሥራቸው ግን እንዳይመሰል አዝዟል። ባለዓምም ለእርግማን ተቀጥሮ ሄዶ የእውነትን ቃል ተናገረ፤ ቃሉን እስራኤል ተቀበሉት፥ ባለዓምን ግን መሪ አድርገው አልሾሙትም። የእኛም ፍርድ ይህ ነው። የሠራተኛው መብት የእኛ ዕዳ ስለ ሆነ፥ ማንም ቢያስታውሰን ልንከፍለው ይገባናል፤ ባለዕዳ ሰው «ዕዳዬን ያስታወሰኝ ጠላቴ ነውና አልከፍልም» ሊል አይችልም። በ1963 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ የመደራጀትንና በኅብረት የመደራደርን መብት የሚመለከቱትን ሁለት ዓለማቀፍ ስምምነቶች ስታጸድቅ አጎዋ ገና አልታሰበም ነበር። ይህ በራሳችን ፊርማ የቆመ ቃል ነው።

የእኛን ዕዳ ካመንን በኋላ ግን የጠያቂውንም እጅ ለመመርመር መብት አለን። ሠራተኛዪቱን ጠብቁ የሚለው ገዢ ራሱ ለልብሱ ምን ይከፍላል? በ2019 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች በሐዋሳ ስላለው የልብስ ስፌት ሥራ ባወጡት ጥናት፥ የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ገለጡ፤ በዚያው ጊዜ በባንግላዴሽ 95፥ በኬንያ 207 ዶላር ነበር። የአጎዋ ሕግ ስለ ደመወዝ «ተቀባይነት ያለው» ይላል እንጂ ቁጥር አይናገርም። ቁጥር መጻፍ ስለማይቻል ነውን? አይደለም። አሜሪካ፥ ካናዳና ሜክሲኮ በ2020 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ባዋሉት የንግድ ውል፥ አንድ መኪና ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ከዋጋው ቢያንስ 40 ከመቶ የሚሆነው በአማካይ በሰዓት 16 ዶላር በሚከፈላቸው ሠራተኞች መሠራት እንዳለበት በግልጽ ተጽፏል። በዚያ ውል ውስጥ ባለጠጋው አገር የፈራው ሥራው ከራሱ ልጆች እጅ ወጥቶ ወደ ርካሹ እንዳይሄድ ነበርና ደመወዙን በቁጥር ጻፈው። በሰዓት 16፥ በወር 26፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጎ የሚመለከት ሰው ስለ ሠራተኛ መብት የሚነገረው ቃል የት ላይ ጸንቶ የት ላይ እንደሚላላ ያስተውላል።

ይህን ስንል የራሳችንን ወገን ነጻ አናወጣም። የዓለም የንግድ ድርጅት አገሮች በ1996 እ.ኤ.አ. በሲንጋፖር ሲሰበሰቡ ባለጠጎቹ የሠራተኛ መብት በንግድ ውል ውስጥ ይግባ አሉ፤ ድሆቹ ደግሞ ይህ ገበያችንን ለመዝጋት የተሸረበ ዘዴ ነው ብለው ተቃወሙ። በመጨረሻም ጉዳዩ ለዓለማቀፉ የሥራ ድርጅት እንዲተው፥ የሠራተኛ መብት ገበያ ለመዝጊያ ምክንያት እንዳይሆን፥ ዝቅተኛ ደመወዝ ያላቸው አገሮች አንጻራዊ ብልጫም እንዳይነካ ተስማሙ። ድሆቹ መንግሥታት መጠርጠራቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ከላይ የተናገርነው ታሪክ ይመሰክርላቸዋል። ነገር ግን ያ «አንጻራዊ ብልጫ» የተባለው ነገር ሥጋ ለብሶ ቢታይ ማን ነው? አራት ሆነው በአንድ ክፍል የሚያድሩት ልጆች ናቸው። አገራችንም ባለ ፋብሪካዎችን ስትጋብዝ ርካሽ ጉልበት እንዳላት በመግለጽ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ የዝቅተኛ ደመወዝ ወሰን የሚያጠና ቦርድ እንዲቋቋም ቢያዝዝም፥ የግል ድርጅት ሠራተኛ ደመወዝ በቁጥር ሳይወሰን ለዓመታት ቆይቷል። «ይህች ልጅ በመንዝ ብትቀር ይህንም አታገኝም ነበር» የሚሉን አሉ። እውነት ነው። ያዕቆብም በላባ ቤት የተቀመጠው ሌላ መሄጃ ስላልነበረው ነው፤ ላባ ግን ደመወዙን ደጋግሞ በመለዋወጡ መጽሐፍ አላመሰገነውም። የተራበ ሰው በትንሽ ዋጋ መስማማቱ የራቡን ጥልቀት ያሳያል እንጂ የዋጋውን ትክክለኛነት አያስረዳም።

አሁን ወደ ልጅቱ ጥያቄ እንመለስ። ቅጣቱ በማን ላይ ወደቀ? ነቢዩ ሕዝቅኤል ልጅ በአባቱ ኃጢአት እንደማይጠየቅ ያስተምራል፤ አብርሃምም ጻድቅ ከኃጥእ ጋር እንዳይጠፋ ስለ ሰዶም ተከራክሯል። በሌላ በኩል ደግሞ «በዚያ ጦርነት የፈሰሰውስ ደም አይጮኽምን? ሰው እየሞተ ንግዱ ምንም እንዳልሆነ ይቀጥል?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የሞቱትም ወገኖቻችን ናቸው፤ የበደሉትም ከወገኖቻችን መካከል ናቸው። ቅጣት ከሌለ ኃያላን አይሰሙም የሚለውንም አንክድም። የእኛ ክርክር በቅጣቱ መኖር ላይ ሳይሆን በመንገዱ ላይ ነው። በአገራችን ወግ ሽማግሌ ተቀምጦ ሲፈርድ አጥፊው ካሣ ይከፍላል፤ ካሣውም ለተበደለው ይሰጣል። የተበደለውን ጭምር ከማሳው የሚነቅል ሽማግሌ ማን አየ? በዚህ የንግድ ቅጣት ግን በጦርነቱ ቤቷ የተቃጠለባት ሴት አንዲት ሳንቲም ካሣ አላገኘችም፤ ሰፊዪቱ ሥራዋ አደጋ ላይ ወደቀ፤ ጦርነቱን የመሩት ሰዎች ደግሞ ከልብስ ስፌት ደመወዝ የሚኖሩ አልነበሩም።

ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል ሁለት ምሳሌ እንጥቀስ። አሜሪካ፥ ካናዳና ሜክሲኮ በ1994 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ባዋሉት የሠራተኛ ተጓዳኝ ስምምነት፥ በዳዩ መንግሥት የሚከፍለው የገንዘብ ቅጣት በዚያው አገር የሠራተኛውን ሕግ ለማስከበር እንዲውል ተደንግጎ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካና ካምቦዲያ ባደረጉት የልብስ ንግድ ውል፥ የካምቦዲያ ፋብሪካዎች የሠራተኛውን ሕግ ባከበሩ መጠን ሊልኩ የሚችሉት የልብስ መጠን ይጨመርላቸው ነበር፤ ፋብሪካዎቹንም የዓለማቀፉ የሥራ ድርጅት ሰዎች እየዞሩ ይመረምሩ ነበር። አንደኛው ካሣን ይመስላል፤ ሁለተኛው ሽልማትን። ፍጹማን አይደሉም፤ ነገር ግን በሩን ከመዝጋት በቀር ሌላ የማያውቅ ሰው፥ ሌላ ማወቅ ስላልፈለገ እንጂ ስለማይቻል አለመሆኑን ያሳያሉ።

ስለ ምድርም ጥቂት እንናገር። ከአጎዋ መመዘኛዎች መካከል ስለ ወንዝና ስለ ዱር የሚናገር አይገኝም። ደብረ ብርሃንን አቋርጦ ወደ ጀማ የሚወርደው የበሬሳ ወንዝ የከተማውን ቆሻሻና የፋብሪካ ፍሳሽ እንደሚቀበል የመረመሩት አጥኚዎች ጽፈዋል፤ ውሃውን ግን በታች ያለው ገበሬ አትክልት ያጠጣበታል፥ ከብትም ይጠጣዋል። ሸሚዙ ወደ ውጭ ሲሄድ እድፉ እዚህ ይቀራል ማለት ነው። ብክለትን የሚከለክል ዐዋጅ በ1995 ዓ.ም. ከወጣ ቆይቷል፤ ይህንንም ለማስፈጸም የባዕድ ቅድመ ሁኔታ መጠበቅ አልነበረብንም። የወፍ ዋሻን ዱር የሚያውቅ ሰው ይህን ይረዳል። በአንኮበርና በጣርማበር ገደል ላይ ያለው ይህ የጽድ፥ የዝግባና የኮሶ ዱር ከጥንት ጀምሮ በነገሥታት ትእዛዝ ሲጠበቅ የኖረ ነው፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከዚህ የጽድ ዘር አስወስደው የመናገሻን ተራራ አስተከሉ ተብሎ ይነገራል። በየደብሩ ዙሪያ የቆመው ዛፍም ሳይቆረጥ የቀረው ለአውሮፓ ገበያ ተብሎ አይደለም።

አውሮፓውያን በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ግን ቡና የሚሸጥላቸው ሰው፥ ቡናው የበቀለበት መሬት ከ2020 እ.ኤ.አ. ፍጻሜ ወዲህ ከዱር ተመንጥሮ ያልተገኘ መሆኑን የቦታውን ልክ በካርታ አመልክቶ እንዲያስረዳ አዘዙ፤ የሚፈጸምበትም ጊዜ ከአንዴም ሁለቴ ተላልፏል። (አባቶቻችን በአንኮበር ቡና በአልዩ አምባ በኩል በጭነት ሲያልፍ እያዩ፥ ክርስቲያን አይጠጣውም ብለው ይጸየፉት እንደ ነበር ስናስታውስ ፈገግ እንላለን፤ ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ያለ ቡና የሚውል ማን አለ?) ዱርን መጠበቅ መልካም ነው፤ ከእኛም የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን በከፋና በሲዳማ በጓሮው ቡና የሚለቅም ገበሬ ማሳውን በሳተላይት ለማስለካት የሚወጣውን ወጪ ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ፥ ያው የሰፊዪቱ ጥያቄ ነው። ንጹሕ ዕቃ የሚሻ ገዢ የንጽሕናውንም ዋጋ ከሻጩ ጋር ሊካፈል ይገባዋል። የማይካፈል ከሆነ ጽድቁን በሌላ ሰው ኪስ ገዛ።

ይህን ሁሉ ስለ አሜሪካና ስለ አውሮፓ ከተናገርን በኋላ ወደ ራሳችን ቅጥር ሳንመለስ ብንቀር ግብዞች እንሆናለን። በደብረ ብርሃን ለፋብሪካ ሠራተኞች ክፍል የሚያከራዩት ሰዎች ባዕዳን አይደሉም፤ ማኅበር የሚጠጡ፥ ዝክር የሚዘክሩ፥ ከእኛ መስቀል የሚሳለሙ ክርስቲያኖች ናቸው። ደመወዝ ሁለት መቶ ብር ተጨመረ የተባለ ዕለት ኪራዩን ሁለት መቶ ብር የሚጨምር ሰው፥ ከሩቁ ገዢ በምን ይሻላል? እኛስ ይህን በዐውደ ምሕረት ቆመን ስንት ጊዜ ተናገርን? ስለ ጾም መሻር የተናገርነውን ያህል አይደለም።

ከዚህም የሚብስ አለ። በአንድ አጥቢያ ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ የኮሚቴውን ሒሳብ እንድናይ ተጠርተን ነበር። የሲሚንቶው፥ የብረቱና የቆርቆሮው ነጋዴዎች ሁሉ ተከፍለዋል። ድንጋይ የሚጠርቡትና ጭቃ የሚሸከሙት የቀን ሠራተኞች ግን የሦስት ሳምንት ሒሳብ አልተሰጣቸውም። ስለ ምን ብንል «ለንግሥ በዓሉ ገንዘብ ሲሰበሰብ እንከፍላለን፤ ለቤተ እግዚአብሔር ነው፤ አይከፋቸውም» ተባልን። ከሠራተኞቹ አንዱን በዕድሜ የገፋውን ጠርተን ብንጠይቀው «አባቴ፥ ለታቦቱ ነው ብለን ዝም አልን፤ ባለሱቁ ግን ለታቦቱ ብሎ አልተወንም» አለን። ነጋዴው ባይከፈለው ዕቃውን ይከለክላል፤ የቀን ሠራተኛው ግን የሚከለክለው ነገር ስለሌለው መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። በዋሽንግተንና በሲንጋፖር የተነገረው ነገር ሁሉ በዚያች አጥቢያ ግቢ ውስጥ ተሰብስቦ አገኘነው። ከብዙ ክርክር በኋላ ለጉልላቱ የተቀመጠው ገንዘብ ወጥቶ፥ በዚያው ቅዳሜ ከሠርክ ጸሎት በፊት ለሠራተኞቹ ተከፈላቸው። ጉልላቱ ለንግሡ አልደረሰም፤ አንዳንድ ምእመናንም እስከ ዛሬ ቅር ይላቸዋል።

ያችን የመንዝ ልጅ፥ የዘገየውን መልስ ልንነግራት ብንፈልጋት አላገኘናትም። ባልንጀሮቿ ሥራው በቀነሰ ጊዜ ወደ ዓረብ አገር ሄደች ብለውናል። ክፍሊቱ ኪራይዋ ጨምሯል፤ አሁን የሚያድሩባት አምስት ናቸው።